አዲሱን መኪና ያስገዙኝ ጋሼ ከድር

ጋሼ ከድር ማረፋቸውን የሰማሁት እህል በረንዳ ባለው ሱቄ ጤፍ ሳስመዝን ነው። ጎረቤቴ ባለሱቅ መጥቶ፣ «እኚያ የሰባተኛ ሰፈር የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ጋሼ ከድር፣ ትናንት አረፉ፤ ትናንትናውኑ ተቀበሩ» አለኝ። ሚዛኑን ትቼ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወደ ሰባተኛ ሄድኩ።

ድንኳኑ በራቸው ላይ ተተክሏል። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላ ወገን ተቀምጠዋል፤ መሀል የተጋረደው ሸራ ስስ ስለሆነ ወንዶቹ የሚያወሩት ሁሉ ይሰማል። ገና ከመቀመጤ የደረጀ ድምፅ ጆሮዬ ገባ። ደረጀ ዛሬ ድሮ የጋሼ ከድር በነበረው ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ነው።

«ደግ ሰው ነበሩ፤» አለ፤ «ግን ነገረኛ ነበሩ። ሱቃቸውን ያሳጣቸው የገዛ ምላሳቸው ነው።»

አንድ ሁለት ሰው «እሱስ እውነት ነው» አለ። ሌላው ሻዩን ፉት ይላል።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ ሸራውን ገልጬ አፉን ላስይዘው አሰብኩ፤ አልተነሳሁም። ዝም ብዬ ተቀምጬ ዝም ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼም ንዴቱ አልበርድልኝ አለ። ጋሼ ከድር ነገረኛ አልነበሩም። ሱቃቸውንም ምላሳቸው አላሳጣቸውም። ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው የማውቀው እኔ ነኝና እኔ ልናገር።

ሱቃቸው ሰባተኛ ዋናው መንገድ ላይ ነበር። ሱቅ ከማለት መተላለፊያ ማለት ይሻላል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። እሳቸው ከባንኮኒው ኋላ፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ መነጽራቸውን አድርገው ጋዜጣ ያነባሉ። ዋጋ ሲጠየቁ አንዴ ይናገራሉ። ደንበኛው «የመጨረሻውን ይንገሩኝ» ካለ፣ «የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሱ ነው» ብለው ወደ ጋዜጣቸው ይመለሳሉ። መርካቶ ውስጥ ሳይከራከሩ መሸጥ ሰላም ሳይሉ እንደማለፍ ነው፤ ሰው ይቀየማል። ተቀይሞ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ግማሽ ሰዓት ተከራክሮ ያስወረደው ዋጋ ከጋሼ ከድር ዋጋ በላይ ሆኖ ሲያገኘው አፍሮ ይመለሳል። እሳቸውም ከጋዜጣው ቀና ሳይሉ ዕቃውን ያነሱለታል።

የሚገርመው፣ በራሳቸው ሱቅ የማይከራከሩት ሰው ለሌላ ሰው ሲከራከሩ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ቤት የሚሠራ ሰው ቆርቆሮ ሲገዛ፣ ልጁን የሚድር ሰው ዕቃ ሲገዛ፣ ጋሼ ከድርን ይዞ መሄድ ይፈልጋል። ብዙ አይናገሩም። ሻጩ የማይሆን ዋጋ ሲጠራ ወደ አስመጣቸው ሰው ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «እስቲ ዝም እንበላቸው» ይላሉ። ከዚያ ይቀመጣሉ። ሻጩ ይለፈልፋል፣ ይምላል፣ ይቆጣል፣ በመጨረሻ ይቀንሳል። ለዚህ ድካማቸው ከማንም አንድ ብር ተቀብለው አያውቁም። ኮሚሽን ልስጥዎ ያላቸውን ሰው በቁጣ ነው የሚያባርሩት።

ግማሽ ፍሬን ደግሞ አይሸጡም። አንድ ሹፌር መጥቶ የአንድ ጎማ የፍሬን ሸራ ብቻ ከጠየቃቸው፣ «የሁለቱንም ካልሆነ አልሰጥህም። ግማሽ ፍሬን ገዝተህ ሙሉ ሰው ትገድልበታለህ» ብለው ይመልሱታል።

ባለቤቴ ታደሰ እንዲህ ብለው ከመለሷቸው ሹፌሮች አንዱ ነበር። ታደሰ የሰው የጭነት መኪና እየነዳ ከጎጃም ጤፍ ያመላልስ ነበር። የመኪናው ባለቤት እጁ የማይፈታ ሰው ነው፤ ለአንዱ ጎማ ብቻ የሚበቃ ብር ሰጥቶ ላከው። ጋሼ ከድር እምቢ ሲሉት ታደሰ ከሌላ ሱቅ ገዛ። በሦስተኛው ሳምንት ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። ገደል ከመግባት ብሎ መኪናውን ከተራራው ጋር አላተመው። ነፍሱ ተረፈች፤ የግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

የመኪናው ባለቤት ሆስፒታል መጥቶ የጠየቀው ስለ መኪናው ነው። ጋሼ ከድር፣ እምብዛም የማያውቁን ሰው፣ ብርቱካን ይዘው መጡ። አልጋው አጠገብ ቆመው ታደሰን፣ «ያን ዕለት ሳባርርህ ከሌላ ሱቅ እንደምትገዛ ማወቅ ነበረብኝ። ባለቤቱ ዘንድ አብሬህ መሄድ ነበረብኝ» አሉት። ታደሰ የእርስዎ ጥፋት አይደለም ቢላቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ።

ታደሰ ከሆስፒታል ሲወጣ የሰው መኪና ዳግመኛ ቤታችንን እንዳይበላ ወሰንኩ። የራሳችንን እንገዛለን፤ እሱም ሌላው ነድቶ የጣለው አይሆንም፣ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ የሚባለው ማንም ያልነዳው አዲስ መኪና ነው። እናቴ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያወረሰችኝን ሁለት ክፍል ቤት ሸጥኩ። ዘመዶቼ አበደች አሉ። እንጀራዬም መኝታዬም እዚያ መኪና ላይ ነበር የተንጠለጠለው፤ ብታለል መመለሻ የለኝም። ስለዚህ ጋሼ ከድር ዘንድ ሄጄ አብረውኝ መጥተው እንዲከራከሩልኝ ለመንኳቸው።

«ተናጋሪው ማን ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ» አልኳቸው።

«እንግዲያው አልሄድም። ቤትሽን የሸጥሽው አንቺ፣ መኪናውን የምታስተዳድሪው አንቺ፤ እኔ ለምን እናገራለሁ? አንቺ የምትናገሪ ከሆነ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ተናድጄ ወጣሁ። በማግስቱ ተመለስኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ እየሄድኩ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ተማርኩ። መኪናውን ስታይ ፊትሽ አይብራ። ቦርሳሽን አትነካኪ። ዋጋ ሲጠሩልሽ ወዲያው አትመልሺ። እቸኩላለሁ የሚል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። የመኪናው ዕድሜ ከምን ከምን ላይ እንደሚነበብ ሁሉ ነገሩኝ። ስሳሳት ይቆጣሉ፤ ቁጣቸው የምር ነው።

መኪናው የሚሸጥበት ቤት ከመርካቶ ዳር፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ አዳራሽ ነበር። ሃምሳ ኩንታል የሚጭኑ ሦስት የጭነት መኪናዎች ከውጭ ግቢው ላይ ቆመዋል። ከረባት ያሰረ ሻጭ መጥቶ ለጋሼ ከድር እጁን ዘረጋ፣ ወንበር ሳበላቸው፣ ለስላሳ አስመጣላቸው። እኔን አላየኝም። መኪናው ዘንድሮ የገባ ነው እያለ ሲያወራም ለእሳቸው ነው። ጋሼ ከድር ጠርሙሱን አንስተው ፊቴ አስቀመጡልኝ።

«እኔ ሸኚ ነኝ» አሉት፤ «ገዢዋ ወይዘሮ ሙሉ ናቸው።»

በሱቃቸው ሙሉ እያሉ የሚቆጡኝ ሰው እዚያ ቤት ከገቡ ጀምሮ ወይዘሮ፣ እርስዎ እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። ሻጩ ፈገግ አለ። «ይቅርታ እናት፣ ገዢው እሳቸው መስለውኝ ነው» ብሎ ዋጋውን ጠራ፤ ሦስት መቶ አሥር ሺህ ብር፣ ቁርጥ። እኔ እንደተማርኩት ቆየት ብዬ ሁለት መቶ ሰባ አልኩ። ሳቀብኝ። ሌሎች ሁለት ገዢዎች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ እነሱም ሳቁ። ፊቴ ነደደ።

መኪናውን ልይ ብዬ ተነሳሁ። ሁላችንም ወጣን። ጋሼ ከድር አንድ ዙር ዞሩና ከኋላ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው የጎማውን ጎን ጠረጉ።

«ወይዘሮ ሙሉ፣ እስቲ ይህችን ያንብቡልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

ዓይናቸው አልደከመም። ጎንበስ ብዬ አራቱን ቁጥሮች አነበብኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን እንደሚናገሩ በሱቃቸው አስተምረውኛል። በፈረንጅ ዘመን ቆጥሬ፣ «ይህ ጎማ ከተሠራ ሦስት ዓመት አልፎታል» አልኩ። ወደ ሻጩ ዞርኩ። «ዘንድሮ የገባ መኪና ነው ብለሃል። ወይ ጎማው ተቀይሯል፣ ወይ መኪናው ሦስት ዓመት ፀሐይ ላይ ቆሟል። የትኛው ነው?»

ሻጩ አልሳቀም። ተመልሰን ገባን። ጋሼ ከድር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እስቲ ዝም እንበላቸው።»

ዝም አልናቸው። ሻጩ ገባ ወጣ አለ፣ ስልክ አነሳ፣ አስቀመጠ። የቀትሩ የዙሁር ሰላት ሲደርስ ጋሼ ከድር ሰግደው ሊመለሱ ወጡ። ይኼኔ ሻጩ ወንበሩን ወደኔ ስቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሽማግሌው ነገር እያበላሹብሽ ነው፣ ነገ ብቻሽን ነይ፣ በሁለት መቶ ሰማንያ አምስት እሰጥሻለሁ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከዳኝ። እሺ ለማለት አፌን ከከፈትኩ በኋላ መልሼ ዘጋሁት። ጋሼ ከድር ሲመለሱ ነገርኳቸው። ምን መለስሽ አሉኝ። ዝም አልኩት አልኳቸው። እኚያን ሰው ባወቅኳቸው ዓመታት ሁሉ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ። ወፍራም፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። በሁለት መቶ ሰማንያ ተስማማ፤ አራቱን ጎማና ባትሪውን በአዲስ ሊቀይር ተስማማ። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ደረሰኙን በመቶ ሃምሳ ሺህ እንቆርጥልሻለን፤ ቀሪውን በእጅ ትሰጭናለሽ» አለኝ። ቫት የሚባለው ነገር አዲስ የመጣበት ጊዜ ነበር፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ለአንቺም ይጠቅምሻል አለ።

ጋሼ ከድር እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድም ጊዜ ስለ ዋጋ አልተናገሩም ነበር። አሁን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ መኪና ነገ ቢገለበጥ፣ ኢንሹራንሱ ለእኚህ ሴትዮ የሚከፍላቸው በየትኛው ወረቀት ነው?»

ሥራ አስኪያጁ አላህ አያድርስ አለ።

«አላህማ አያድርስ። እኔ የምጠይቀው ስለ ወረቀቱ ነው። ቤታቸውን ሸጠው ነው የመጡት። ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ተቀብለህ የመቶ ሃምሳውን ብቻ ብትጽፍላቸው ቀሪውን ከየት አምጥተው ያስረዳሉ? የተቀበልከውን ጻፍ።»

አልጮሁም፤ አዳራሹ ግን የሚያስተጋባ ስለነበር ድምፃቸው ከጫፍ ጫፍ ተሰማ። የሳቁብኝ ሁለቱ ገዢዎች መተያየት ጀመሩ። አንዱ ተነስቶ፣ የኔስ ደረሰኝ በስንት ነው የሚቆረጠው ብሎ ጠየቀ። ሌላውም ተነሳ። የሥራ አስኪያጁ አንገት ቀላ። ሙሉውን ጻፉላቸውና ይውጡልኝ አለ።

በሩ ላይ ስንደርስ ከኋላ ተከትሎን መጣ። «አባባ፣ ሱቅዎ የት ነው?» አለ በትሕትና።

ጋሼ ከድር እንግዳ እንደሚጠራ ሰው ነገሩት። ሰባተኛ፣ ዋናው መንገድ፣ ከድር ብለህ ጠይቅ፣ ማንም ያሳይሃል አሉት። እኔ በእጄ የያዝኩትን ደረሰኝ እያየሁ ነበር፤ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

ሁለት ወር አልሞላም። አንድ የማይታወቅ ሰው ሱቃቸው መጥቶ አምፖል ገዛ። ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ትቶ ሄደ፤ ጋሼ ከድር ቢጠሩት አልዞረም። ወዲያው ሁለት ተቆጣጣሪዎች ገቡና ያለ ደረሰኝ ሲሸጡ ተገኙ ብለው ሱቁን አሸጉት። ደረሰኙ እዚያው ባንኮኒው ላይ ነበር፤ ሊያዩት አልፈለጉም። አንደኛው የማሸጊያውን ወረቀት በሩ ላይ እየለጠፈ፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው፣ «ደረሰኝ ትወዳለህ አሉ» አላቸው።

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እህል በረንዳ ድረስ መጥተው። ከዚያ በፊት ሱቄ ደርሰው አያውቁም። ቆመው ነው ያናገሩኝ። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጉዳያቸው ንግድ ቢሮ እንደሚታይ ነገሩኝ። አዳራሹ ውስጥ ምን እንደተባለ፣ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ምን እንደጠየቃቸው ሁለቱንም የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ያየሽውን ብቻ ተናገሪ» አሉኝ። «አንድም ቃል አትጨምሪልኝ።»

እመጣለሁ አልኳቸው። ስናገር ከልቤ ነበር። ማታ ግን ማሰብ ጀመርኩ። የንግድ ፈቃዴ የሚታደስበት ወር ነው፤ የሚታደሰውም እዚያው ቢሮ ነው። አምፖል ገዢ ልከው ሱቅ ያሳሸጉ ሰዎች እኔን ምን ያደርጉኛል አልኩ። ታደሰ፣ አንቺ ከፈራሽ እኔ በክራንቼ ሄጄ የነገርሽኝን እናገራለሁ አለ። ቀጠሮው ለሌላ ቀን ተላልፏል ብዬ ዋሸሁት። ባሌን ዋሸሁት። ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ከቀጠርነው ሹፌር ጋር አዲሱ መኪና ላይ ወጥቼ ጤፍ ላስጭን ጎጃም ሄድኩ። ጤፉ ቅዳሜ ቢጫን ምንም አይሆንም ነበር።

ምስክር አልቀረበም ተባለ። ሱቁ ወራት እንደታሸገ ቆየ፤ የቀበሌ ሱቅ ስለነበር በመጨረሻ ቀሟቸውና ለደረጀ ሰጡት። ደረጀ በማን በኩል እንዳገኘው አላውቅም፤ የማላውቀውን አልናገርም። ጋሼ ከድር ከተረፋቸው ዕቃ ጥቂቱን ይዘው እዚያው ሰባተኛ፣ ከድሮ ሱቃቸው ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር ላስቲክ አንጥፈው መሸጥ ጀመሩ። ሰው ሲያያቸው አያፍሩም። የሚያፍረው አላፊው ነበር፤ በተለይ እኔ። አንድ ዓመት ሊሞላ እስኪደርስ በዚያ መንገድ አላለፍኩም።

በመጨረሻ ሄድኩ። ይቅርታ የምልበትን ቃል መንገድ ላይ ስለማመድ ነበር፤ ፊታቸው ስደርስ ጠፋኝ። ለመኪናው የፍሬን ሸራ ፈልጌ ነው አልኳቸው።

«የሁለቱንም ጎማ?» አሉኝ።

«የሁለቱንም።»

ዋጋውን አንዴ ነገሩኝ። ከፈልኩ። ዕቃውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «ደረሰኝ የለኝም» አሉ። ያን ሲናገሩ የነበረውን ድምፃቸውን ዛሬም ስሰማው ያንገበግበኛል። እኚያን ሰው ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ሰው አደረግናቸው። አምፖል ገዢው፣ ተቆጣጣሪዎቹ፣ ሽቶ የሚቀባው ሥራ አስኪያጅ፣ እና እኔ። ስለ ሐሙስ አንድም ቃል አላነሱም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላም ለመኪናው ዕቃ ባስፈለገኝ ቁጥር ከሳቸው ላስቲክ ላይ እገዛ ነበር፤ ከዋጋ ውጭ ግን ተነጋግረን አናውቅም።

ጋሼ ከድር ባረፉ በሦስተኛው ቀን ወደ ለቅሶው ተመለስኩ። ደረጀ እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጧል። ሴቶቹ መሀል አልገባሁም፤ ሸራውን ገልጬ ወንዶቹ ፊት ቆምኩና ከመኪናው ግዢ ጀምሬ ተናገርኩ። ደረጀ፣ እትዬ ሙሉ፣ ይህ የለቅሶ ቤት ነው አለኝ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ያኔ ነገረኛ ስትላቸው ማሰብ ነበረብህ አልኩት። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። የጋሼ ከድር ልጅ ሙኒራ ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ተዉአቸው፣ ይጨርሱ» አለች።

ጨረስኩ። ሐሙስንም ጨምሬ ተናገርኩ፤ ውሸቴን፣ ፍርሃቴን፣ ጎጃም መሄዴን። ደረጀ መሬት መሬት ያያል። ጫማዬን ለማድረግ ጎንበስ ስል ሙኒራ አጠገቤ መጣች። ዕድሜዋ መኪናውን በገዛሁ ጊዜ እኔ የነበረኝን ያህል ነው። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ትስደበኝ ብዬም ተመኘሁ።

«ያን ሐሙስ ዝናብ ነበር፤» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «አባቴ ቢሮው በር ላይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆሞ በስብሶ ነው የገባው። የምትመጣ ሴት አለች እያለ።»

ዝናብ መኖሩን አላውቅም ነበር። እኔ በነበርኩበት፣ ጎጃም መንገድ ላይ፣ ፀሐይ ነበር።